«ምንም አልሆነም»፤ ይህስ የማን ሥራ ነው?

ከመንገድ የገባ ሰው «ጉዞው እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነገሩ ሁሉ እንዳሰበው የሄደለት እንደ ሆነ መልሱ አጭር ነው። «ደኅና ነው፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ጎማ ፈንድቶበት፣ ወንዝ ሞልቶበት ወይም ሜዳ ላይ አድሮ እንደ ሆነ ግን ወሬው እስከ ማታ አያልቅም። ይህ የሁላችንም ጠባይ ነው። የሆነው ይወራል፤ ያልሆነው አይወራም። በዚህች ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚሁ ጠባያችን የሚነሣ ነው። ይኸውም፦ ክፉ ነገር ሳይደርስ በመቅረቱ ምስጋና የሚገባው ሰው አለን? ወይስ ያልሆነ ነገር ሠሪ የለውም?

ጥያቄው በአየር ላይ ተንሳፍፎ እንዳይቀር ከአንድ ቦታ ላይ ላቁመው። ቦታውም አይሮፕላን ማረፊያ ነው። ለምን ቢሉ፣ ምንም እንዳይሆን ተብሎ ይህን ያህል ሰው ሌትና ቀን የሚደክምበት ሌላ ስፍራ እምብዛም አይገኝምና።

መንገደኛ በአይሮፕላን ማረፊያ የሚያያቸው ሠራተኞች ጥቂቶች ናቸው። ሻንጣውን የሚመዝነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም የሚመታው፣ በሩ ላይ ቆማ የምትቀበለው ሆስተስ፣ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው የካፒቴኑ ድምፅ፤ በቃ። አይሮፕላኑ በደኅና ሲያርፍም የሚያጨበጭበው ለካፒቴኑ ነው። ጭብጨባው ለካፒቴኑ አይገባውም የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ከመስኮቱ በታች የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አንዱ በሁለት እጁ ምልክት እያሳየ አይሮፕላኑን ወደ ማቆሚያው ይመራል፤ ሌላው ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ሌላው የነዳጅ ቱቦ ይጎትታል። ጫኝና አውራጆቹ በአነስተኛ አይሮፕላን ሆድ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይቻል በጉልበታቸው ተንበርክከው ሻንጣ ይደረድራሉ።

የነዳጁን ሥራ ለአብነት እንውሰድ። ነዳጅ የሚቀዳው ሠራተኛ ከነዳጁ ጥቂት ናሙና ወስዶ ውኃ እንዳልገባበት ይመረምራል። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከፍ ባለው ሰማይ ላይ ደግሞ ይረጋና መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ ይህ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ጥሩ ነዳጅ ያያል። ነገም ያንኑ ያያል። ከዓመት እስከ ዓመት ነዳጁ ንጹሕ ሆኖ ቢያገኘውም ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ማየት አለበት። መጠኑም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 23 ቀን 1983 የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 የነዳጅ መለኪያው ባለመሥራቱ ነዳጁ በዘንግ ተለክቶ በስሌት ተባዛ። በኪሎግራም መሆን የነበረበት ስሌት በፓውንድ ሆነና አይሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ባነሰ ነዳጅ ተነሣ። 12 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እየተንሳፈፉ ጊምሊ በምትባል ስፍራ በቀድሞ የጦር አይሮፕላን ማረፊያ ላይ አሳረፉት፤ በውስጡ የነበሩት 69 ሰዎችም ሁሉ ተረፉ። ይህን ታሪክ ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። በትክክል የተባዛው ስሌት ግን፣ ትናንትም ዛሬም፣ ታሪክ የለውም።

አህያ የጫነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ክብደቱ ልክ ቢሆንም እንኳ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ መንገዱ አይዘለቅም። በአይሮፕላንም የጭነቱን ክብደትና ከፊትና ከኋላ ያለውን ሚዛን የሚያሰላ ሠራተኛ አለ፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚሠራ እርሱን ማንም አያየውም። የእኛ አገር ሠራተኛ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፍም ሞተርም የሚሠሩት በአየር ነውና አይሮፕላን ከዚህ ሲነሣ በባሕር ዳርቻ ካለ ማረፊያ ሲነሣ የሚችለውን ያህል ጭነት ሊያነሣ አይችልም። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት በረራዎች አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ ወርደው ነዳጅ የሚጨምሩበት፣ ሲመለሱ ግን በአንድ በረራ የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰው «ምን ያስቆመናል?» እያለ ያጉረመርማል እንጂ ያችን ቁጥር ያሰላውን ሰው አያስበውም።

የሽንት ቤቱን ቆሻሻ የሚያወጣውና የሚጠጣ ውኃ የሚሞላው ሰው አንድ መሆን የለበትም። ይህ የጤና ደንብ ነው፤ ምክንያቱንም መግለጽ አያስፈልግም። እስቲ ከአንባብያን መካከል በአይሮፕላን ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሲጠጣ ይህን ደንብ ያከበረውን ሰው ያስታወሰ ማን አለ?

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ በሌሊት ተራ የአይሮፕላን ውስጥ ጽዳት ይሠራሉ። መቀመጫዎቹን ይጠርጋሉ፣ ቀበቶዎቹን ያስተካክላሉ፣ ከየወንበሩ ጀርባ ባለው ኪስ እጃቸውን ከተው መንገደኛ ትቶት የሄደውን ሁሉ ያወጣሉ። እኔም አንድ ቀን «እትዬ፣ በአይሮፕላን ሄደው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ በየሌሊቱ እገባበታለሁ፤ ይዞኝ ተነሥቶ ግን አያውቅም» አሉኝና ሳቁ። አባባላቸው የምሬት አልነበረም። እኔ ግን ብዙ አሳሰበኝ።

ከአይሮፕላኑ ራቅ ስንል ደግሞ መንደርደሪያውን እናገኛለን። በቀን ውስጥ በተወሰነ ሰዓት አንድ መኪና የመንደርደሪያውን ርዝመት ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው ሠራተኛ ብሎን፣ ጠጠር፣ የብረት ቁራጭ ይፈልጋል። ሥራው ከሩቅ ለሚያይ ሰው መንሸራሸር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 25 ቀን 2000 በፓሪስ ኮንኮርድ የተባለው ፈጣን አይሮፕላን የወደቀው ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት ከተነሣ ሌላ አይሮፕላን በወደቀች፣ ርዝመቷ ከግማሽ ሜትር በማይሞላ የብረት ቁራጭ ምክንያት ነበር። ብረቷ ጎማውን ቀደደች፤ የጎማው ቁራጭ የነዳጁን ጋን መታ፤ በአይሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 109 ሰዎችና በምድር የነበሩ 4 ሰዎች አለቁ። በዚያች አምስት ደቂቃ ማንም ሊደርስባት አይችልም ነበር ይባል ይሆናል። ይሁን። ነገር ግን በሌሎች ቀናት፣ በሌሎች መንደርደሪያዎች ላይ የተለቀሙት ብሎኖችና ብረቶች የትኞቹን አደጋዎች እንዳስቀሩ ቆጥሮ የሚነግረን ማን ነው? ማንም አይነግረንም። ያልወደቀ አይሮፕላን ስንተኛው እንደ ሆነ አይታወቅም።

ወፎችም አሉ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከሌላ አገር መማር አያስፈልገንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመሄድ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሞተሮች ተበላሹ፤ አይሮፕላኑ እግሩን ሳይዘረጋ በሆዱ ወደቀና ተቃጠለ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በዚህ ምክንያት በየማረፊያው ሣሩን በልኩ የሚያጭዱ፣ ቆሻሻ እንዳይከማች የሚጠብቁ፣ በድምፅና በጥይት ጩኸት ወፍ የሚያባርሩ ሠራተኞች አሉ። ወፍ ማባረር! በገጠር ያደገ ልጅ ከማሳ ላይ ወፍ ሲጠብቅ የኖረ ነውና ሥራውን ያውቀዋል፤ ከማማ ላይ ሆኖ ወንጭፉን እያወዛወዘ ሲጮኽ ውሎ እህሉ ተርፎ ሲገባ «ጎበዝ አራሽ» የሚባለው አባቱ ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹስ? በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ጥሪ በተሰማ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ከመንደርደሪያው ጫፍ መድረስ አለባቸው። ለዚህች ሦስት ደቂቃ ሲሉ ዓመታት ይጠባበቃሉ፤ ይለማመዳሉ፣ መኪናውን ያሞቃሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሣሉ። ከእነርሱ መካከል አንድም ቀን እውነተኛ እሳት ሳያጠፋ ጡረታ የሚወጣ ይኖራል። ታዲያ ይህ ሰው ዕድሜውን አባከነ እንበል?

ይህን ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤታችን ባነሣሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ አጥብቆ ተቃወመኝ። ክርክሩ ጠንካራ ስለ ሆነ ሳላሳንሰው ላቅርበው። «እነዚህ ሰዎች ደመወዝ ይከፈላቸው የለምን? ደግሞስ ክፉ ስላላደረገብህ ሰውን ታመሰግናለህን? ጎረቤትህ ዛሬ ቤትህን ስላላቃጠለ ሄደህ እጅ ትነሣዋለህን?» አለኝ። የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። ጎረቤቴ ቤቴን ያላቃጠለው ምንም ባለማድረጉ ነው፤ ተኝቶ ቢውልም ቤቴ አይቃጠልም። የመንደርደሪያው ጠባቂ ተኝቶ ከዋለ ግን ብሎኑ እዚያው ይቀራል። ክፉ አለማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ክፉ እንዳይሆን መድከም ሌላ ነው። ደግሞም ራሳችን ይህን ልዩነት እንደምናውቅ የምንመሰክርበት ቀን አለ፤ አደጋ የደረሰ ዕለት። ያን ዕለት «የነዳጁን ማን ቀዳው? መንደርደሪያውን ማን አየው?» ብለን እንጠይቃለን። በጠፋው ነፍስ የምንጠይቀው ከሆነ፣ በተረፈውም ነፍስ ድርሻ አለው ማለት ነው። አንዱን ሚዛን ለበደል ብቻ አውጥተን በምስጋና ቀን የምንደብቀው ከሆነ ሚዛናችን የሌባ ነጋዴ ሚዛን ነው።

የደመወዙም ነገር ቢሆን፣ ደመወዝ ሰዓቱን ይገዛል። ነዳጁን ለሁለተኛ ጊዜ እንዲያይ የሚያደርገውን ነገር ግን በምን ሰዓት ይቆጥሩታል?

ወደ ከበደው ነገር ልግባ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2 ቀን 1996 ሌሊት አንድ የኤሮፔሩ ቦይንግ 757 ከሊማ ተነሥቶ ወደ ቺሊ ሲሄድ ከባሕር ወደቀ፤ 70ዎቹም ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር አይሮፕላኑ በታጠበ ጊዜ ውኃ እንዳይገባባቸው የከፍታና የፍጥነት መለኪያዎች አየር የሚስቡባቸው ቀዳዳዎች በቴፕ ተሸፍነው ኖሮ፣ ሥራው ሲያልቅ ቴፑ ሳይነሣ ቀርቷል። ቴፑ የአይሮፕላኑን ገላ የሚመስል ብርማ ነበር። ሰውየውን ሊቆጣጠር የሚገባው አለቃ አላየውም፤ አይሮፕላኑን ዞሮ የተመለከተው አብራሪም በጨለማ አላየውም። በመጨረሻ ፍርዱ የወደቀው ግን ቴፑን በለጠፈው በሠራተኛው ላይ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይህ ነው። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ስንት ቴፕ ለጥፎ ስንት ቴፕ አንሥቶ እንደ ነበር የጠየቀ ሰው መኖሩን እንጃ።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህም ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1 ቀን 2002 ሌሊት በጀርመን ዩበርሊንገን ከተባለች ከተማ በላይ ሁለት አይሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ልጆች ነበሩ። ያን ሰማይ ከዙሪክ ሆኖ ይቆጣጠር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባልደረባው ዕረፍት ላይ ነበር፤ ይህም በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ እየታወቀ የተለመደ ነበር። በዚያው ሌሊት ራዳሩና ስልኩ በጥገና ላይ ስለ ነበሩ ሰውየው በሁለት ጠረጴዛ መካከል እየተመላለሰ ሁለት ሰው የሚሠራውን ብቻውን ይሠራ ነበር። በ2004 ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ያጣ አንድ አባት ከቤቱ ድረስ መጥቶ ገደለው። የስዊስ ፍርድ ቤት በ2007 ከድርጅቱ አራት ሰዎችን ጥፋተኛ ናቸው ሲል ከእነርሱ መካከል ኃላፊዎች ነበሩበት። ፍርዱ ቀና ብሎ ወደ ላይ ተመለከተ ማለት ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶ።

እንግዲህ የጥያቄው እውነተኛ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጫኙና ተቆጣጣሪው ለመንገደኛው ባይታዩ ብዙም አይጎዳም። መንገደኛው ተኝቶ ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ የእነርሱም ድካም እርሱ ተኝቶ እንዲሄድ ነው። ጉዳቱ የሌሊቱን ተራ ለሚደለድለው፣ በጀት ለሚመድበው፣ «እዚህ ላይ አንድ ሰው አይበቃምን?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው ሳይታዩ ሲቀሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳይሆን ከቀረ፣ «ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?» ይባላል። ምንም አለመሆኑ የሥራቸው ፍሬ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ፈትነታቸው ማስረጃ ይሆናል። ከዚህ የባሰ ግፍ በስሌት ውስጥ አላውቅም።

ይህም በዐይናችን ፊት ታይቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት በረራ ሲቆም በአውሮፓ ብዙ የምድር ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። በ2022 በጋ መንገደኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመለስ እነርሱ አልነበሩም። በለንደኑ ሂትሮ ሻንጣ እንደ ክምር ተቆለለ፤ በመጨረሻም ማረፊያው በቀን ከ100 ሺህ የሚበልጥ ተነሺ መንገደኛ አላስተናግድም ብሎ ገደብ አደረገ። አይሮፕላኑም ነበረ፣ ነዳጁም ነበረ። የጎደለው ያ የማይታየው ሰው ነበር። (በዋሽንግተን አካባቢ ማረፊያዎች ተሽከርካሪ ወንበር ከሚገፉትና መኪና ማቆሚያ ከሚጠብቁት መካከል ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች መሆናቸውን እዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቃል፤ የተማሩም አሉባቸው። ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ መጻፍ ይገባል።)

ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ጊጌስ ስለ ተባለ ሰው ቀለበት የሚነገር ተረት አለ። ቀለበቱን ያጠለቀና ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ሰው አይታይም። ጥያቄውም፣ ማንም የማያየው ሰው ጻድቅ ሆኖ ይኖራልን? የሚል ነው። ፈላስፎች ይህን ቀለበት እንደ ተረት ሲከራከሩበት ኖረዋል። በአይሮፕላን ማረፊያ ግን ቀለበቱ የሥራ ልብስ ነው፤ ሰው በየማታው ያጠልቀዋል።

ይህን ያልሁበትን ምክንያት ላስረዳ። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ድሪምላይነር የተባለውን ቦይንግ 787 ከአፍሪካ ሁሉ ቀድሞ ተረከበ። የዚህ አይሮፕላን ገላ አብዛኛው እንደ ድሮው አሉሚኒየም ሳይሆን ከካርቦን ጭረት የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፤ የመታው ዝም ቢልም ጉድጓዱ ይናገርበታል። የካርቦኑ ገላ ግን ከባድ ነገር ገፍቶት በውስጡ ተሰንጥቆ ሳለ በውጭ በኩል ደኅና ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ሌሊት ሻንጣ መጫኛውን መኪና የሚነዳ አንድ ወጣት ሳያስበው አይሮፕላኑን ገጨ እንበል። ዝናብ ይዘንባል፤ ማንም አላየም፤ ባትሪ አብርቶ ሲመለከት ምልክት የለም። በዚያች ሰዓት በዚያ አይሮፕላን ላይ የደረሰውን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሄዶ «ገጭቻለሁ» ቢል በረራው ይዘገያል፤ መንገደኛው ይቆጣል፤ አለቃው ይቆጣል። ዝም ቢል ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት።

ሄዶ እንዲናገር የሚያደርገው ምንድን ነው? ኅሊና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ኅሊናን ብቻውን በጨለማ አቁመን የምንሄድ ከሆነ በሰው ላይ እየቀለድን ነው። ባለፈው ወር እውነቱን የተናገረው ባልደረባው ከሥራ ተባሮ እንደ ሆነ የዚህኛው ምላስ ይታሰራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአሥራ ሦስተኛው አባሪው የአደጋ ምርመራ ዓላማ አደጋን ማስቀረት ብቻ እንጂ ጥፋተኛና ተጠያቂ መለየት አይደለም ያለው ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ልል ፍርድ ያየዋል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ሆነ ብሎ የበደለ ይቀጣ። ተሳስቶ ራሱ መጥቶ የተናገረውን የቀጣ አለቃ ግን ቀጣዩን ሰው ዝም አሰኝቷል፤ የዝምታውንም ዋጋ የሚከፍለው አለቃው ሳይሆን በላይ የሚቀመጠው መንገደኛ ነው። በጥገና ክፍል አንድ ካቻቢቴ ከቦታው ከጎደለ አይሮፕላኑ ይቆማል፤ ካቻቢቴው እስኪገኝ አይነሣም። «እኔ ነኝ የጣልኩት» የሚለው ሰው የሁሉንም ሰዓት አባከነ ወይስ የሁሉንም ነፍስ ጠበቀ? መልሱን አለቃው በሚያሳየው ፊት እናውቀዋለን።

ጓደኛዬ እስካሁን አልተረታም። «እሺ፣ ምስጋናው ይገባቸዋል እንበል፤ እንዴት ታደርሰዋለህ? አንድ መቶ ሰው ፈልገህ እጅ ልትጨብጥ ነው?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አላደርሰውም። ነገር ግን በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ማየት ይችላል። አይሮፕላኑ በተጎታች መኪና ወደ ኋላ ተገፍቶ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ ከበታች የቆመው ሠራተኛ ወደ ጎን ይወጣና ቀይ ጥብጣብ የታሰረባትን አንዲት ፒን ከፍ አድርጎ ለካፒቴኑ ያሳያል። አይሮፕላኑ ሲገፋ የፊት እግሩ መሪ እንዳይሠራ የምትያዝ ፒን ናት፤ «ይኸው ነቅያታለሁ፣ መሪው ነፃ ነው» ማለቱ ነው። ካፒቴኑም በእጁ ይመልስለታል። መንገደኛው ደግሞ ሰውየው የሚሰናበተው መስሎት ከመስኮቱ ሆኖ እጁን ያወዛውዝለታል።